ምንም አልነካንም

ካዛንቺስ ውስጥ ኮምፒውተር ያስቸገረው ቢሮ ሁሉ ባለሙያ የሚቀበለው በአንድ ቃል ነው፤ «ምንም አልነካንም!»። ሥራ አስኪያጁ ይላል፣ ጸሐፊዋ ትላለች፣ ዘበኛው እንኳን ማንም ሳይጠይቀው ከበር ላይ ይላል። ከውሰር ጀማል ይህችን ቃል እየሰማች አሥራ ስድስት ዓመት ሠርታለች፤ አንድም ቀን ግን «ውሸታችሁን ነው» ብላ አታውቅም። «እሺ፣ አልነካችሁም። ከዚያስ?» ትላለች። ቦርሳዋን ታስቀምጣለች፣ ወንበር ስባ ትቀመጣለች፣ ኪቦርዱን ግን አትነካም። አንዳንዱ አለቃ በዚህ ይበግናል። የጠራት ማሽን እንድታይለት እንጂ ወሬ እንድትጠይቅ አይደለማ!

እሷ ደግሞ ወሬ ትወዳለች፤ ለማማት ሳይሆን ለማወቅ። ላንቻ፣ ልጅ ሆና፣ የአባቷን ሬዲዮ ፈታ መልሳ ስትገጥመው ሁለት ብሎን ተረፋት። ሬዲዮው ግን ከድሮው ይልቅ ጮኸ። አባቷ ደስ አላቸው፤ እሷ ግን አርባ አንድ ዓመቷ ሆኖ እንኳን እነዚያ ሁለት ብሎኖች ምን ይሠሩ እንደነበር ስታስብ እንቅልፍ የምታጣበት ቀን አለ። እናቷ «ያ ረቢ፣ የዚህች ልጅ ጥያቄ መቼ ነው የሚያልቀው?» እንዳሉ ናቸው።

ሥራ የጀመረችው እዚያው ካዛንቺስ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ የስልክ ኦፕሬተር ሆና ነው። ሆቴሉ ኮምፒውተር ሲያስገባ፣ ሃድጉ የሚባል ቴክኒሻን ከማሽኑ ኋላ ተንበርክካ ገመድ ስትቆጥር አገኛት። ሌላ ሰው ቢሆን ያባርራት ነበር። እሱ «ነይ፣ ይህችን ያዢልኝ» አላት፤ በዚያው ቀረች። ዛሬ የአሥራ አንድ ቢሮዎችን ሰርቨርና ኢሜይል የምትጠብቅ እሷ ናት። ጠዋት ከላንቻ በታክሲ ትመጣለች፣ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ በእግሯ ነው። ቦርሳዋ ውስጥ አንድ መፍቻ፣ ሁለት ኬብል፣ ጥቂት ክብ ባትሪዎችና ብስኩት አይጠፋም።

ስንቱን አይታለች መሰላችሁ! አንዱ ቢሮ ኢሜይል አልገባ ብሎት ሦስት ቀን ሲጮህ ከርሞ፣ ለካ ሥራ አስኪያጁ የእህቱን ሠርግ ቪዲዮ ለሁሉም ሠራተኛ ልኮ ሳጥኑን በሙሉ አጣቦታል። ሌላ ቦታ ሰርቨሩ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ድርግም ይላል፤ ጽዳት የምትሠራዋ ሴት የሻይ ማፍያዋን የምትሰካው እሱን ነቅላ ነው። ያኔም ሁለቱ ቢሮዎች፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ምንም አልነኩም ነበር። ከውሰር እንዲህ ባለው ነገር ትስቃለች እንጂ አትናደድም። የሰው ልጅ የሚነካውን ነገር «አልነካሁም» የሚለው ለምን ይሆን? ይህንንም አንድ ቀን ለማወቅ ትፈልጋለች።

የካቲት 10፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ፍሰሃ ደወለላት። ፍሰሃ ለስብሰባ ከውጭ የሚመጡ እንግዶችን የሚያስተናግድ የአንድ ትንሽ ድርጅት ኃላፊ ነው። ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ስለማይሠራ ከውሰር ስትደርስ እያለከለከች ነበር። ያን ሰሞን የክርስቲያኑ ጾም ትናንት ገብቶ፣ የእስላሙ ነገ ይገባል እየተባለ የሚጠበቅበት ነበር። ፍሰሃ ማኪያቶ ላዝዝልሽ እንኳን ሳይላት ነገሩን ጀመረ።

«ልጅቷ ውሸታም ናት፤ እኔ ጨርሻለሁ። ብቻ ነገ ከነገ ወዲያ ‹ኢሜይሉ ነው የተበላሸው› እንዳትለኝ ሰርቨሩን አንዴ እይልኝና ‹ደህና ነው› ብለሽ ጻፊልኝ።»

«ልጅቷ ማን ናት?»

«ሲፋን ናታ! ሲፋን ዳባ።»

ሲፋን የደብዳቤ ልውውጥ ሠራተኛ ናት፤ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ በሕይወቷ የመጀመሪያ ሥራዋ ነው፤ የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ የቀሩት ሦስት ቀናት ናቸው። ባለፈው ረቡዕ፣ የካቲት 4፣ በመጪው እሑድ የሚገቡ የሠላሳ ስምንት ሐኪሞችን ስም ዝርዝር ማዶ ላለው ሆቴል በኢሜይል ላኪ ተብላ ነበር። ልኬያለሁ አለች። ትናንት ፍሰሃ ሆቴሉ ጋ ሲደውል «ምንም አልደረሰንም» አሉት። የልጅቷን ኮምፒውተር ከፍቶ የተላኩ ደብዳቤዎች የሚቀመጡበትን ሳጥን ሲያይ፣ ከሁሉ በላይ ያለው ሰኞ የካቲት 2 የተላከ ነው። ከዚያ በኋላ ባዶ! አንዲት ደብዳቤ የለችም።

«አየሽ? ሳምንት ሙሉ አንዲት ደብዳቤ አልላከችም፤ ዓይኗን በጨው አጥባ ደግሞ ‹ልኬያለሁ› ትለኛለች። ብትረሳ እኮ ይቅር እላታለሁ። ውሸት ግን አልወድም። የስንብት ደብዳቤዋ ተጽፎ አልቋል፤ ጋሽ አምኃም ዛሬ ጠዋት ቁጥር ሰጥተውታል።»

ጋሽ አምኃ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ከሁሉ ቀድመው ገብተው ከሁሉ በኋላ የሚወጡ ሰው። በዚያ ቢሮ ወረቀትም ይሁን ኢሜይል የጋሽ አምኃን ወጪ ቁጥርና ቀን ሳያገኝ ከበር አይወጣም። ወጣቶቹ ይስቁባቸዋል። እሳቸው ግን ትልቁን መዝገብ ገልጠው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አውርደው፣ ቁጥሩንና ቀኑን ሳይጽፉ ሰው አይለቁም። ለሲፋን የስንብት ደብዳቤም ቁጥር 431 ሰጥተውታል። ደብዳቤው ፍሰሃ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ሥራዋን ሳትሠራ ሠርቻለሁ ብላ አለቃዋን እንዳታለለች በግልጽ ይናገራል። ካዛንቺስ ሰፊ ትመስላለች እንጂ ወሬዋ በምሳ ሰዓት ነው ዳር የሚደርሰው። እንዲህ ተብላ የወጣችን ልጅ ማን ይቀጥራታል?

ከውሰር ወደ ሲፋን ሄደች። ልጅቷ ጠረጴዛዋ ላይ ድርቅ ብላ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ከውሰርዬ፣ ልኬያለሁ። በአላህ… ማለቴ፣ በምትወጂው። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው። ጋሽ አምኃ ቁጥር ሰጥተውኛል፣ ጽፌበታለሁ፣ ላክ የሚለውን ተጫንኩ፣ ሄደ።»

«እሺ። ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጠፋ! በቃ የለም። ትናንት ሲያሳየኝ እኔም አጣሁት። ሌሊቱን ሳስበው ምናልባት ስልከው በሕልሜ ነው እንዴ ያየሁት ብዬ ራሴን ጠረጠርኩ።»

«ሌሎች የላክሻቸውስ? ያን ሳምንት ለሌላ ሰው አልጻፍሽም?»

«ጽፌያለሁ እንጂ! ለትራንስፖርቱም፣ ለአስተርጓሚዎቹም። አንዱም አልመለሰልኝ። ንቀውኝ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

ከውሰር ጆሮዋ ቆመ። አንድ ደብዳቤ ቢጠፋ የሰው እጅ ነው ይባላል። የሳምንት ደብዳቤ በሙሉ ሲጠፋ ግን ሌላ ነገር አለ። ደግሞስ ውሸታም ሰው ራሱን ይጠረጥራል እንዴ?

ሰርቨሩ ያለው መዝገብ ቤቱ ውስጥ፣ ከፋይል መደርደሪያዎቹ ጀርባ ነው። ሌላ ቦታ ስለታጣ እዚያ ወሸቁት። ቁልፉ ጋሽ አምኃ ዘንድ ነው። እሳቸው ተነሥተው በሩን ከፈቱላትና፣ «ሰላም ነሽ ወይ ልጄ፣ ነገ ነው አሉ የናንተ?» አሏት።

«ጨረቃ ከታየች ነገ ነው ጋሽ አምኃ። የእርስዎ እንዴት ይዞዎታል?»

«ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱ ሲለመድ ይቀላል።»

«እዚህ ማሽን ላይ የተነካ ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም! ማን ይነካዋል? ቁልፉ እኔ ጋ ነው።»

እንደ ልማዷ አመሰገነቻቸውና ተቀመጠች። ሰርቨር ሎግ የሚሉት ነገር አለው፤ የሠራውን ሁሉ በየሰከንዱ የሚጽፍበት የራሱ መዝገብ ነው። ከውሰር የፈረንጁን የካቲት፣ ፌብሩወሪን ፈልጋ ከፈተች። እስከ ፌብሩወሪ 9 ሌሊት፣ ማለትም እስከ የካቲት 2 ድረስ በሥርዓቱ ይጽፋል። ያን ሌሊት የመንገድ ቁፋሮው የሰፈሩን መብራት አጥፍቶ አድሯል። ከዚያ በኋላ ጸጥ! ከበስተኋላዋ ቆሞ የሚያየው ፍሰሃ እጁን አጨበጨበ።

«ይኸው! አልኩሽ እኮ። ምንም አልተላከም።»

«ቆይ እስቲ» አለች ከውሰር። «አንተ ዛሬ ጠዋት ኢሜይል ደርሶሃል?»

«አዎ፣ ሃያ ይሆናል። እኔ የምልከውን በቴሌግራም ስለምጨርሰው እንጂ የሚመጣልኝማ በኢሜይል ነው።»

«ሃያው በማን በኩል አልፎ ነው የመጣልህ? በዚሁ ማሽን በኩል ነው። እሱ ግን ለሳምንት ምንም አላለፈም ይላል። እንግዲህ ልጅቷ ውሸታም ናት ካልክ ይሄኛውም ውሸታም ነው።»

ከውሰር ፊቷ በራ። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማት ረሀቧም ድካሟም ይጠፋል፤ እውነቱን ለመናገር ሲፋንንም ለአፍታ ረሳቻት። ማሽን ሊበላሽ ይችላል፣ እየሠራ «አልሠራሁም» ሊል ግን ምን ያደርገዋል? ወደ መዝገቡ መጨረሻ፣ አሁን በዚህች ደቂቃ ወደሚጽፈው ወረደች። ይጽፋል! እንደ ጉድ ይጽፋል። ቀኑ ግን ጁን 10 ይላል፤ ሰዓቱ አራት ከሃያ አምስት።

«ጁን? የምን ጁን?»

የእጅ ሰዓቷን አየች። አራት ከሃያ አምስት። ደቂቃዋ ሳትቀር ገጥማለች። ለአፍታ ሰዓቱስ ደህና ነው ብላ ልታልፈው ነበር፤ ከዚያ ደነገጠች። የእሷ ሰዓት የሚቆጥረው እንደ ሐበሻ ነው። ሰርቨሩ አሥር ሰዓት ከሃያ አምስት ማለት ነበረበት! ሰርቨር ከመቼ ወዲህ ነው ጠዋቱን ከአሥራ ሁለት ሰዓት የሚጀምረው? ዓመተ ምሕረቱን አየች፤ 2018። ጣቷን አንድ በአንድ አጠፈች፤ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር… የካቲት። ስድስተኛ ወር። የፈረንጅ ስድስተኛ ወር ደግሞ ጁን ነው። አሥርም ዛሬ ነው፤ የካቲት 10!

ከውሰር ሳቋ አመለጣት። ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ምን አገኘሽ?» አለ ፍሰሃ።

«የጠፋ ነገር የለም። የሄደበትን ነው ያላወቅነው። ሲፋን! ነይ እስቲ፣ ሆቴሉ ጋ ደውይ። የምታናግሪያት ማን ናት?»

«ረውዳ።»

«ደውይና ስፒከር ላይ አድርጊያት።»

ሲፋን ደወለች። ረውዳ የሆቴሉ ክፍል ያዥ ናት፤ ገና ከጅምሩ «እህቴ፣ አልደረሰንም አልኩ እኮ» አለች። ከውሰር ስልኩን ወሰደች።

«ረውዳ፣ አንድ ውለታ ዋይልኝ። የኢሜይል ሳጥንሽን ወደ ታች ውረጂው። የዛሬውን አትይ፣ ያምናውንም አትይ። በፈረንጁ 2018፣ ጁን ወር እስክትደርሺ ውረጂ።»

«ያኔ እኔ እዚህ መች ተቀጠርኩና!»

«ምን ቸገረሽ፣ ውረጂ ብቻ።»

ብዙም ሳይቆይ ከወዲያ ማዶ ወንበር ሲንሸራተት ተሰማ።

«ወይ ጉድ! አለ! ሠላሳ ስምንት ሐኪሞች… ከሲፋን ዳባ… ጁን 4፣ 2018። ኧረ እዚህ ምን ሊሠራ ገባ?»

ሲፋን ጩኸቷን ለመያዝ አፏን በእጇ አፈነች። የራሷን የተላኩ ሳጥን ወደ ታች ስትወርድም ሁሉም እዚያ ናቸው፤ የሆቴሉ፣ የትራንስፖርቱ፣ የአስተርጓሚዎቹ፤ እሷ ሳትቀጠር በፊት ሰዎች ከጻፏቸው ደብዳቤዎች መሀል ተሰግስገው። «ከውሰርዬ፣ እኔ እኮ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ!» አለች፤ እያለቀሰች ትስቃለች። ረውዳ ደግሞ ክፍሎቹ ገና እንዳልተያዙ ነግራ፣ አሁኑኑ እመዘግባለሁ ብላ ስልኩን ዘጋች።

ከውሰር ነገሩን ለፍሰሃ አስረዳችው። የሚመጣለት ደብዳቤ የላኪውን ቀን ይዞ ስለሚመጣ ከላይ ይቀመጣል። ከዚህ የሚወጣው ግን የዚህን ማሽን ቀን ይዞ ስለሚወጣ፣ ተቀባዩ ጋ ሲደርስ ከስምንት ዓመት ደብዳቤ ሥር ሄዶ ይቀበራል፤ የባሰበትም ቀኑ አጠራጣሪ ነው ተብሎ ቆሻሻ ውስጥ ይጣላል። ሰርቨሩ ሰዓቱ በጥቂቱ ቢዛነፍ ከኢንተርኔት ጠይቆ ራሱን ያስተካክላል፤ በዓመታት ሲዛነፍ ግን ግራ ይገባውና ይተወዋል።

«ታዲያ ማን ነካው?» ፍሰሃ ድምፁን ከፍ አድርጎ ወደ ቢሮው ዞረ። «ማን ነው የነካው?»

መልሱን ታውቁታላችሁ። ሁሉም በአንድ አፍ ምንም አልነካንም አሉ። ከውሰር ግን ዞር ብላ ማየት አላስፈለጋትም። ቁልፉ የማን እንደሆነ ታውቃለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች።

«ጋሽ አምኃ፣ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ቁፋሮው ያጠፋው መብራት ሲመለስ፣ ይሄ ስክሪን ምን ብሎ ጠበቀዎት?»

«ቀን ጠየቀኝ።»

«ከዚያስ?»

«ሞላሁለታ።»

«አልነካሁም ብለውኝ ነበር እኮ።»

ጋሽ አምኃ በቅንነት ተገረሙ። «ቀን መሙላት መንካት ነው እንዴ ልጄ? መጀመሪያ ላይ አንድ፣ አንድ፣ ሁለት ሺህ ዘጠኝ ነበር የሚለው። መስከረም አንድ፣ ሁለት ሺህ ዘጠኝ! ዘጠኝ ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል። ቀኑ የተሳሳተ መዝገብ እንዴት ዝም ተብሎ ይታለፋል? ወሩን፣ ቀኑን፣ ዓመቱን፣ ሰዓቱንም ሳይቀር ከእጄ ሰዓት ጋር አመሳክሬ ነው የሞላሁት። አንዲት ደቂቃ አላጎደልኩበትም።»

«አላጎደሉበትም» አለች ከውሰር። «ማሽኑ ውስጥ ሰዓት የምትጠብቅለት ትንሽ ባትሪ አልቃበት ነው እንደዚያ ያለው። እሷ አሳስታዎት ነው።»

ይህን ስትናገር እሳቸው ሌላ ነገር እያሰቡ ነበር። ዓይናቸው ከስክሪኑ ወደ ሲፋን፣ ከሲፋን ወደ ፍሰሃ ጠረጴዛ ሄደ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ደብዳቤ የእሳቸው ቁጥር አለበት። ያን ጠዋት ሲጽፉት፣ ምን ያለችዋን ልጅ አስገቡብን ብለው በሆዳቸው አምተዋታል። ፊታቸው አመድ መሰለ።

ከውሰር ቦርሳዋን ከፍታ ክብ ባትሪ አወጣች፤ ለፍሰሃም ቶሎ ብላ፣ «ሪፖርቱን አሁን እጽፍልሃለሁ፤ የሰዓት ባትሪው በማለቁ ቀኑ ተዛብቷል። በቃ፣ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?» አለችው። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ እውነትን ቆርሳ ለመጻፍ ስትሞክር ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ እጇም ደስ አላለውም።

«አይሆንም» አሉ ጋሽ አምኃ። «ባትሪዋ ጠየቀች እንጂ አልሞላችም። የሞላሁት እኔ ነኝ። ፍሰሃ፣ ያን ቀን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ልጅቷ ልካለች።»

ፍሰሃ በሐፍረት ውሃ ሆነ። ወደ ሲፋን ዞሮ «ይቅርታ… ሳላጣራ ነው» አለ። እንዲህ ብሎ ስለማያውቅ ቃሏ ራሷ አፉ ላይ ተንገዳገደች። ከዚያ ደብዳቤውን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ ሊቀደው ሲል፣ ጋሽ አምኃ እጃቸውን ዘረጉ።

«አይቀደድም! ቁጥር ተሰጥቶታል። ብትቀደው መዝገቤ ላይ ቁጥሩ ይቀራል፤ ነገ የሚያይ ሰው ይህች ልጅ ምን አድርጋ ነበር ይላል።»

ትልቁን መዝገብ ራሳቸው ተሸክመው አመጡትና የሲፋን ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። መነጽራቸውን አወረዱ። ሠላሳ አንድ ዓመት በሠሩባቸው ቢሮዎች ሁሉ አንድም ቁጥር ሰርዘው አያውቁም፤ ስርዝ ያለበት መዝገብ ሲያዩም ይቀፋቸው ነበር። ከመሳቢያ ቀይ እስክሪብቶ ፈልገው አወጡ። ቁጥር 431 ላይ ከዳር እስከ ዳር አሰመሩና ከጎኑ በዚያ ባማረ እጃቸው ጻፉ፦ «ተሰርዟል። ሠራተኛዋ ደብዳቤውን በወቅቱ ልካለች። ስሕተቱ የመዝገብ ቤቱ ነው።» ፈረሙ። ሲፋን ከጎናቸው ቆማ እንባዋ መዝገቡ ላይ እንዳይወርድ ፊቷን ወደ ጎን አዞረች።

ጋሽ አምኃ ከፊርማው ሥር ቀኑን ሊጽፉ እጃቸውን አሳረፉና ቀጥ አሉ። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ቆሞ ቀረ። ቀና ብለው ከውሰርን አይዋት፤ እኚህ በሕይወታቸው ቀን ጠይቀው የማያውቁ ሰው።

«ልጄ» አሏት፣ «በየትኛው ልጻፈው?»

ከውሰር የያዘችውን ባትሪ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«በእርስዎ ጋሽ አምኃ» አለች። «መዝገቡ ላይማ በእርስዎ ይጻፉት።»

እሳቸውም ጎንበስ ብለው፣ ፊደሏን እያሳመሩ፣ የካቲት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ብለው ጻፉ።